ሳይነካ የቀረው ድስት

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። አያ ሰይድ አምባ ጊዮርጊስ በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። ደውሎ የነገረኝ የወንድማቸው ልጅ ከድር ነው። ቀብሩ በዚያው ቀን ከቀትር ሶላት በኋላ መሆኑን ጨምሮ ስልኩን ዘጋው። ከከድር ጋር በዓመት አንዴ እንኳ አንነጋገርም።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከጎንደር ወጣሁ። ግንቦት ነበር፤ ዳገቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር የወገራ ማሳ ግራና ቀኝ ታርሶ ጠቁሯል፤ ብርዱም በሚኒባሱ መስኮት ይገባል። በዚህ መንገድ ለሥራ ወደ ዳባትና ደባርቅ ስመላለስ ዘመናት አልፈዋል። አምባ ጊዮርጊስ ግን መኪናው ለምሳ ሲቆም እንኳ አልወርድም ነበር። ጋዜጣዬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ።

የመጨረሻ ጊዜ የወረድኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። እኔ፣ ከድርና ጌትነት ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ዓመት አልሞላንም፤ ሥራም አልነበረንም። ከድር ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ያደገ ሙስሊም ነው። ጌትነት የወገራ ገበሬ ልጅ ነው። አንድ ቀን አራዳ ከሚገኝ ቢሮ በር ላይ ማስታወቂያ አየን፤ የባህልና የሃይማኖት ውይይትን ለሚያበረታቱ፣ በወጣቶች ለሚመሩ ፕሮጀክቶች ድጋፍ ይሰጣል ይላል። እኔ ጽሑፍ ይቀናኛል ተባለና ቅጹን እንድሞላ ተሰጠኝ።

ቅጹ ላይ «የሚጠበቅ ውጤት» የሚል ዓምድ ነበር። «የሁለቱም ሃይማኖት ሽማግሌዎች ከአንድ ማዕድ ይቆርሳሉ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ «የማረጋገጫ መንገድ» ይላል። «ፎቶግራፍ» አልኩ። ያን ዓረፍተ ነገር ማንም አላስገደደኝም። ድጋፍ ሰጪዎቹ የሚለካ ነገር ጠየቁ፤ የምለካውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ድጋፉ ተፈቀደልን። ምሳው አምባ ጊዮርጊስ፣ በጌትነት እናት ቤት እንዲሆን የወሰንነው በምክንያት ነው። የጌትነት ታላቅ ወንድም በድንበር ጠብ ሰው ገድሎ ታስሯል። በአገራችን ደንብ የገዳይ መታሰር ደም አያደርቅም፤ የሟች ልጆች ዓይን ወደ ወንድም ይዞራል። ስለዚህ ጌትነት ወደ እናቱ ቤት ብቻውን አይሄድም ነበር። ሁለቱን ቤተሰቦች ለማስታረቅ የተቀመጡት አያ ሰይድ ናቸው። ሁለቱም ወገን ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም፤ አያደሉም ተብሎ የታመኑትም ለዚሁ ነው። ንግግሩ አልቆ የቀረው፣ በኅዳር መጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች በእሳቸው ፊት ተማምለው አብረው የሚበሉበት ቀን ብቻ ነበር። ያ ቀን ካለፈ ጌትነት ነጻ ሰው ነው። የእኛ ምሳ ለዚያ መንገድ ይጠርጋል ብለን አሰብን።

አያ ሰይድን ላማክራቸው የሄድኩ ቀን በራቸው ላይ ተቀምጠው ነጠላ ጫማቸውን ይሰፉ ነበር።

«ከአንድ ማዕድ ብንቀርብስ፣ አያ ሰይድ?»

«ምነው ልጄ፣ ተለያይተን እየበላን መቼ ተጣላን?»

እውነታቸውን ነበር። በዚያ አገር ክርስቲያን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ሌላ ዳስ ይጥላል፤ በጉን ከነነፍሱ ይሰጣቸዋል፤ ራሳቸው ባርከው ያርዳሉ። ሙስሊሙም ሲድር እንዲሁ ያደርጋል። እኔ ግን ይህን ልዩነት ብዬ ቅጹ ላይ «ችግር» በሚለው ዓምድ ሥር ጽፌዋለሁ።

ክሩን መርፌያቸው ላይ ጠቅልለው አስቀመጡት። «ግዴለም፤ ለጌትነት ከበጀው ሽሮ ይሁን። ሽሮ ቢላዋ አይነካውም» አሉኝ።

ቀኑ በጥቅምት መጨረሻ፣ ሐሙስ ነበር። ጠዋት ከጎንደር ስንነሳ ጌትነት አዲስ ጫማ አድርጓል።

«አንተ፣ ደመኞችህ ጫማውን አይተው እንዳይቸኩሉ» አለው ከድር።

«አንተ እንዳትወርሰው ብዬ አንድ ቁጥር አሳንሼ ነው የገዛሁት» አለ ጌትነት። አምባ ጊዮርጊስ እስክንደርስ እየተነካከሱ ሄዱ። ገብሱ ቢጫ ሆኖ፣ አደይ አበባው በየድንበሩ ረግፎ ነበር።

ከድጋፍ ሰጪው ድርጅት የመጣችው ሴት ጨዋና ትሑት ነበረች፤ ግን ከሰዓት በኋላ አዘዞ አውሮፕላን ይጠብቃታል። ሽማግሌዎቹ፣ ሦስት ክርስቲያንና ሦስት ሙስሊም፣ ለመሰብሰብ ዘገዩ። እሷ ሰዓቷን ታያለች፤ እኔ እሷን አያለሁ። የጌትነት እናት እትዬ ጥሩ የጎደለ ዕቃ ልትዋስ ጎረቤት ሄዳለች። እስክትመጣ መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅኩም፤ ማድቤት ገባሁ። ምድጃው አጠገብ ሁለት ድስት ሽሮ ተቀምጧል። ትልቁን አነሳሁና በሰፊው ትሪ፣ በእንጀራው ላይ ገለበጥኩት።

ስድስቱም ዙሪያውን ተቀመጡ። ሴትዮዋ ካሜራዋን አነሳች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ እየተጋበዙ እጃቸውን አልሰደዱም፤ ስለዚህ ላስጀምር ብዬ ቀድሜ ጎረስኩ። ጥርሴ መሀል ቀጭን የሥጋ ጭረት ገባ። ቋንጣ ነው። ተወቅጦ ገብቶበታል።

አያ ሰይድ «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ከትሪው እስከ አፋቸው ያለው ርቀት አንድ ቃል ለመናገር ይበቃል። ካሜራዋን አየሁ። ዋጥኩና ዝም አልኩ።

ጎረሱ። ሌሎቹ ሁለት ሙስሊሞችም ተከተሉ። «ሸጋ ሽሮ ነው» አሉ አያ ሰይድ፤ ከጨዋነት።

ትንሽ ቆይቶ እትዬ ጥሩ ትሪ ተሸክማ ተመለሰች። ማድቤት ገብታ ወዲያው ወጣች። ፊቷ ላይ ቅሬታ ነበረ።

«አያ ሰይድ፣ የአንቱ ድስት ሳይነካ ተቀምጧል እኮ። ምነው፣ ምን አስቀየምንዎ?»

«የቱ ድስት?»

«ትንሹ ነዋ። ትልቁንማ የመስቀሉን ቋንጣ ጣል አድርጌበታለሁ፤ ከአዲስ አበባ ለመጣች እንግዳ ደረቅ ሽሮ ነውር ነው ብዬ…»

ከዚያ ትሪውን አየች።

አያ ሰይድ እጃቸውን ከማዕዱ መለሱ፤ ውሃ ጠየቁ፤ ከአጥሩ ጀርባ ሄደው አፋቸውን ደጋግመው ተጉመጠመጡ። ሲያስመልሳቸው ሰማን። ሁለቱ ሙስሊሞች ተከትለዋቸው ወጡ። ነገሩን ለማብረድ ከድር እየሮጠ ከኋላቸው ሄደ። ሴትዮዋ ካሜራዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ፎቶው ግን ተነሥቷል።

ስንመለስ ከድር ከአጠገቤ ተቀመጠ።

«ቀድመህ የጎረስከው አንተ ነህ። ስትቀምሰው አላወቅክም?»

«አላወቅኩም።»

በኋላ በገባሁበት የጋዜጠኝነት ሙያ ብዙ የስህተት ማረሚያ አውጥቻለሁ። ይህኛው እስከ ዛሬ ሳይታረም ቆይቷል።

ሪፖርቱ ከነፎቶው ተላከ፤ ለሁለተኛው ዙር ተመረጥን፤ አልቀጠልንበትም። በኅዳር መጀመሪያ ሽማግሌዎች ወደ አያ ሰይድ ሄዱ። «ምን እንደቀረበልኝ ሳላውቅ የጎረስኩ ሰው፣ ሌላውን በማዕድ ላስምል? ተዉኝ» አሏቸውና በራቸውን ዘጉ። የዕርቁ ቀን አለፈ። በኅዳር መጨረሻ ከሟች ልጆች ሁለቱ ጎንደር፣ ጌትነት የተከራየበት ሰፈር ሲጠይቁ ታዩ። በታኅሣሥ ጌትነት ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወረደ።

ዓመት ከሦስት ወር በኋላ አየሁት። በዚያን ጊዜ እኔ ጋዜጠኛ ሆኛለሁ፤ መተማ የሄድኩት ለዘገባ ነው። ሙቀቱ ጥላ ሥር እንኳ ያቃጥላል። አንድ ሻይ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። ወባ አክስቶታል፤ አንገቱ ቀጥኗል።

«ከወገራ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያላወቀውን ያወራል። አንተ ግን ጋዜጠኛ ነህ» አለኝ እየሳቀ። «አያ ሰይድ ወደ ሽምግልናው ተመለሱ?»

«አልተመለሱም።»

«ማዕዱስ?»

«የለም።»

ብርጭቆውን በጣቱ አዞረው። «እንግዲያው እሻገራለሁ። እዚህም ሆነው የሚያዩኝ አሉ» አለ። በማግሥቱ ድልድዩን አልፎ ወደ ሱዳን መሻገሩን ሻይ ሻጯ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው አላገኘሁም። በየሆስፒታሉ፣ በየፖሊስ ጣቢያው፣ ከሱዳን በሚመለሱ ሰዎች ዘንድ ለዓመታት ጠይቄያለሁ።

አሁንም ማስታወቂያዎቹ ይወጣሉ፤ ወጣቶች ቅጻቸውን ይዘው እንዳነብላቸው ይመጣሉ። አልከለክላቸውም። ብዙዎቹ ሥራዎች መልካም ናቸው፤ ገንዘቡም ያስፈልጋል። ሰው ተስማምቶ የኖረበትን ነገር «ችግር» ከሚለው ዓምድ ሥር ሳገኝ ግን ብዕሬን አስቀምጬ፣ እዚያ ሄደው ማንን እንደጠየቁ እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ ይቆጣሉ።

ቀብሩ ላይ እትዬ ጥሩን ከመካነ መቃብሩ አጥር ውጭ፣ ከክርስቲያን ሴቶች ጋር ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቀችኝ። ጉንጬን ሳመችኝ።

«አያ ሰይድ እኮ ምረውን ነበር» አለችኝ። «ድንጋይ ተሸክሜ ደጃቸው ሦስት ቀን ዋልኩ። አንጀታቸው አልቻለም፤ ወጡ። ሁለቱን ወገን አስማለው አስቆረሱ። እሳቸው ግን ውሃ እንኳ አልቀመሱም፤ ከኪሳቸው ቆሎ እያወጡ ተቀመጡ። በልጄ ፈንታ የቆረስኩት እኔ ነኝ።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«ልጄ በሄደ በሁለተኛው ዓመት፣ በቃና ዘገሊላ። ምነው፣ ልነግርህ ነበር እኮ። መንገዱን ስታልፍ ሰዎች ያዩህ ነበር፤ አትወርድም አሉኝ።»

የሟች ታላቅ ልጅም ለቀብሩ መጥቶ ነበር። ጠየቅኩት። ዕርቁ መፈጸሙን፣ ቀኑም በጥር፣ ቃና ዘገሊላ መሆኑን አረጋገጠልኝ፤ ዓመተ ምሕረቱንም ነገረኝ።

የማስታወሻ ደብተሮቼን አልጥልም። ረቡዕ ጠዋት ጎንደር፣ የመተማውን አወጣሁ። ከጌትነት ጋር ሻይ በጠጣንበት ገጽ ራስጌ ላይ የተጻፈው ወር መጋቢት ነው፤ ዓመቱም ዕርቁ የተፈጸመበት ያው ዓመት ነው።