ደም ያልወጣት በግ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ለነፍስ አባቴ ስንቱን ጉድ ዘርግፌያለሁ፤ ይህችን ግን ዋጥ አደረግኳት። ለምን? እስላም ላይ የሠራሁት ስለሆነ ከኃጢአት አይቆጠርም ብዬ ነበር? አዎ፣ እንደዚያ ብዬ ነበር። እናንተ ፊት አላስመስልም።

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከከዚራ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የከብት ክሊኒክ ረዳት ነበርኩ። ሐኪማችን በጎችን ለቀዶ ጥገና የሚያስተኙ ሁለት የመርፌ ቅይጦችን ያወዳድር ነበር፤ አንዱ ኬታሚን ከዛይላዚን፣ ሌላው ኬታሚን ከዲያዜፓም ጋር። በየትኛው ቶሎ ይተኛሉ፣ ከየትኛውስ በሰላም ይነቃሉ? የኔ ሥራ ትንፋሻቸውን እየቆጠርኩ ሠንጠረዥ ላይ መጻፍ ነበር። ለጥናቱ የሚወሰደው ጤነኛ በግ ብቻ ነው። የታመመች ከመጣች ጎኗን ብቻ አደንዝዘን እንሠራለን። በተለይ ዛይላዚን የደከመች በግን ሳንባ ውኃ ይሞላዋል ብሎ ሐኪሙ ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል። አልሰማሁም አልልም፤ ሰምቻለሁ።

እሱ አዲስ አበባ በሄደበት ሳምንት ሐሊማ የምትባል ሶማሌ ሴት ከወንድሟ ጋር ከጀልዴሳ በጭነት መኪና መጣች። ምጥ ላይ ያለች፣ ግልገሉ አልወጣ ያላት በግ ይዛለች። ሌላውን መንጋ ድርቁ ጨርሶባታል። ባሏ ቁርአን የሚያስተምር ሰው ነው፤ ሳል አድቅቆት ቤት ተኝቷል። እጄን ያዘችና፣

«ዶክተር፣ የማትድን ከሆነ ሳትሞት ጥራኝ። ወንድሜ ያርዳታል፣ ለሰውዬው መረቅ ትሆናለች። ከሞተች ግን በክት ናት፤ በክት እሱ አፍ አይገባም» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ዶክተር አይደለሁም አላልኳትም፤ መባሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሠንጠረዡ ላይ የዛይላዚኑ አንድ ረድፍ ባዶ ነበር። ሐኪሙ ሰኞ በባቡር ሲመለስ ሞልቶ ቢያገኘው ጎበዝ ይለኛል ብዬ ወጋኋት። እኔ ነኝ የወጋኋት፤ ማንም አላዘዘኝም። ሆዷን ከፍቼ የሞተውን ግልገል ሳወጣ አረፋ ደፈቀች። ትንፋሿን ልቆጥር ጎንበስ አልኩ፤ የሚቆጠር አልነበረም። ደረቷን አሸሁ፣ ምላሷን ጎተትኩ። የለችም። ሐሊማ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

ያኔ ወጥቼ ምን አልኩ? «ቶሎ በሉ፣ ተኝታ ነው እንጂ ነፍስ አላት።»

ወንድሟ ቢስሚላሂ ብሎ ቢላውን አሳረፈ። ደሙ አልፈነጠቀም፤ ቀስ እያለ ጠብ ጠብ አለ። ቀና ብሎ አየኝ። የማደንዘዣው ጠባይ ነው አልኩት። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል? መድኃኒት የገባበት ሥጋ ለበሽተኛ እንደማይሰጥ እያወቅኩ እሱንም አልተነፈስኩም። ጭነው ሄዱ። እኔም ሠንጠረዡ ላይ «በባለቤቷ ፈቃድ ታረደች» ብዬ ጻፍኩ፤ የሞት ዓምዱን ባዶ ተውኩት። ሐኪሙ አመነኝና ያን ቅይጥ መረጠ። ከዚያ በኋላ አረፋ እየደፈቁ የሞቱትን በጎች ሲያይ የበጎቹ ድካም ነው እያለ ራሱን ያጽናና ነበር፤ እኔም እራሴን እነቀንቅለት ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሐሊማን ዋሂል ገበያ አገኘኋት። ልሸሽ ስል እሷ ቀድማ አየችኝ። ባሏ በሳምንቱ እንደሞተ፣ ከዚያ መረቅ በኋላ ሌላ ሥጋ እንዳልቀመሰ ነገረችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ፣

«ሐላል ቀምሶ ሄደልኝ። ወላሂ፣ በሶላቴ ሁሉ ላንተ ዱዓ አደርጋለሁ» አለች።

አሜን አልኳት። አቦ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አሜን አልኳት!

ዛሬም ጀልዴሳ አለች፤ አርጅታለች። ልንገራት ብዬ ስንቴ መኪና ተሳፍሬ ስንቴ ወረድኩ። ብነግራት እኔ ይቀለኛል፤ እሷ ግን ባሏን በገዛ እጇ በክት እንዳጎረሰችው እያሰበች ትሞታለች። ባልነግራት ደግሞ ዱዓዋን እየሰረቅኩ እኖራለሁ። ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ፤ ያለም አይመስለኝም።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ የምታውቀው ደግነቴን ነው።