ጤዛ ሳይነካው

ከባለቤቴ ከጀማል ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ማዘርቦርድ ማጠብ ነበር። ጂማ፣ መንደራ ቆጪ ያለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቃችን ጣሪያ አፍስሶ፣ ከአሮጌ ዕቃ እየለቃቀመ ለልጃችን የሚገጣጥመውን ኮምፒውተር አጨቅይቶበት ነበር። እሱ በጥርስ ብሩሽ ሲፈትግ እኔ ውሃ አፈሰስኩለት። ከዚያ መስኮቱ ላይ አሰጣነው። "ሲደርቅ እናበራዋለን" ብሎኝ ደንበኛ ጋ ለመሄድ ባጃጅ ያዘ። ኪቶ ፉርዲሳ መንገድ ላይ ባጃጁ ተገለበጠ። ጀማል አልተመለሰም።

ማዘርቦርድ አጥቦ እንደ ቡና ማስጣትን የተማርነው ልጆች ሳለን፣ ጂማ አጠገብ ባለችው ሰርቦ ነው። ጎረቤታሞች ነበርን። አባቱ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ በመከር ወራት ግቢያቸው ቡና በተሰጣባቸው የሽቦ አልጋዎች ይሞላል፤ የእሸት ቡናው የሚጣፍጥም የሚኮመጥጥም ሽታ እስከ እኛ ጓሮ ይመጣል። ስምንተኛ ክፍል ሳለን፣ ዓመቱ ሲያልቅ ጀማል ትምህርቱን ትቶ የቡናው ሚዛን ላይ እንዲቆም አባቱ ወስነው ነበር። አጎቱ ደግሞ ጂማ የነበረችው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ስትዘጋ፣ የተበላሹ ኮምፒውተሮቹን በጆንያ አድርጎ መጋዘናቸው ውስጥ ጥሎ ሄዷል። ጀማል ከእነዚህ አንድ የሚሠራ አወጣለሁ ሲል አባቱ ሳቁ።

"ካበራኸው ጂማ ሄደህ ትማራለህ። ካልበራ ሚዛኑ ይጠብቅሃል።"

ማዘርቦርዱ ላይ አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ቡና ሲሰጣ እያየን ያደግን ልጆች ሌላ ምን እናውቃለን? አጠብነው፤ ከቡናው ጎን አሰጣነው። ራም የሚሏትን ትንሽ ሰሌዳ ወርቃማ ጥርሶች እኔ በላጲሴ ፈትጌ አብለጨለጭኳቸው። በማግስቱ ጀማል ሶኬቱን ሊሰካ ሲል አባቱ ክንዱን ያዙት።

"ኦብሲ! ታገስ እንጂ። ከላይ ደርቋል፤ ሆዱስ?"

"ደርቋል፣ አባ።"

"ጀንፈል ቡና ቢሆን ፍሬውን ነክሼ አውቅ ነበር። ይሄን ብነክስ ጥርሴን ነው የማጣው። አንቺ ሰሚራ፣ ይሄን ልጅ ያዢው፤ ሊያቃጥለው ነው።"

ያኔ አፌ አያርፍም ነበር። "እርስዎ ግን የማን ወገን ነዎት?" አልኳቸው።

"የደረቀ ነገር ወገን" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እኛን አላስነኩንም። ጠዋት ከቡናው ጋር ያወጡታል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ይሸፍኑታል፤ ማታ ጤዛ ሳይነካው ያስገቡታል። እንዲበራ የማይፈልጉት ሰው ከቡናቸው እኩል ጠበቁት።

የፈቀዱልን ቀን መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ አንጥፈን ሰካነው። ማራገቢያው አቃሰተ፤ የቡና ገለባ ፊታችን ላይ በተነ። ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ፊደላት መጡ። ኪቦርድ የለኝም ብሎ ከማማረር በቀር ሌላ ነገር አያውቅም።

"ይሄው ነው?" አሉ።

"ይሄው ነው፣ አባ።"

"እንግዲህ ጂማ ትሄዳለሃ" አሉና ወጥተው ቡናቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። እኛ መጋዘኑን በዝላይ አናወጥነው።

ጀማል ጂማ ተማረ፤ ጂማ ሱቅ ከፈተ፤ እኔንም አገባኝ። ያቺ ስክሪን ባትበራ ሰርቦ ሚዛኑ ላይ ይቀር ነበር፤ በዚያ መንገድ ባጃጅ አይሳፈርም ነበር። ለቅሶው ላይ አባቱ አጠገቤ ተቀመጡ። በመጨረሻ "ያኔ እርጥቡን ይሰካው ብዬ ብተወው ኖሮ..." አሉ። ወዲያው "አስተግፊሩላህ" ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ምን ሊሉ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም። እኔም አስቤው ነበር።

ልጃችን ኮምፒውተሬን መቼ ነው የምናበራው ትለኛለች። ማዘርቦርዱ ገና አልደረቀም እላታለሁ። ከደረቀ ቆይቷል። ጠዋት ሱቁን ስከፍት ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ፤ ማታ ጤዛ ሳይነካው አስገባዋለሁ።