የልጄ ደብዳቤዎች በሳጉሬ የእህል መጋዘን

ረቡዕ ጠዋት ከአሰላ ወደ ሳጉሬ የሄድኩት የልጄን ደብዳቤዎች ለመጠየቅ ነው። ብሩክ ልብ ወለድ ይጽፋል። በጦርነቱ ጊዜ ግንባር ሆኖ አንድ መጽሐፍ ጽፏል፤ ምዕራፍ ምዕራፉን በደብዳቤ ጀርባ እየገለበጠ ለሐጂ ከድር ይልክ ነበር። ሐጂ የእህል ደላላ ናቸው። በመጀመሪያ መጽሐፉም ከአዲስ አበባ አሳታሚ ጋር ተደራድረው ያስማሙለት እሳቸው ናቸው። በመጨረሻው፣ በአሥራ ሁለተኛው ደብዳቤ ግን ልጄ ተስፋ ቆርጦ «ሁሉንም አቃጥሉት» ብሎ ጻፈላቸው። መጀመሪያ የጻፈበት ደብተር እዚያው ግንባር ጠፍቷል፤ ሌላ ቅጂ የለውም።

አሁን እግዚአብሔር ይመስገን ቤቱ ገብቷል። እግሩ እስኪድን ተኝቷል፤ መጽሐፉንም ፈልጎታል። ደውሎ ለመጠየቅ ግን አፈረ።

«ካቃጠሏቸው አትንገሪኝ። አላገኘኋቸውም በይኝ» አለኝ።

«በጾም ቀን አልዋሽም» አልኩት።

«በሌላውስ ቀን?»

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሁለት ሰዓት፣ መናኸሪያ

እስከ መናኸሪያ በባጃጅ ሄድኩ። ለሚኒባሱ ሰማንያ ብር ከፍዬ ከአንዲት የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ጎን ተቀመጥኩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል፤ ጭላሎ አናቱን በጉም ሸፍኗል። ጸሎቴን በልቤ እየደገምኩ ሳጉሬ ደረስን።

ሦስት ሰዓት፣ ሳጉሬ

ሐጂን መጋዘናቸው በር ላይ አገኘኋቸው። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያ ውስጥ ከተው፣ ከታች አንድ እፍኝ ገብስ አውጥተው ለገዢ ያሳያሉ።

«አካም ቡልታን፣ ሐጂ?» ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው።

«የብሩክ እናት፣ እንኳን ደህና መጡ። ልጅዎ የታመመው እግሩን ነው ወይስ ጣቱንም? አንድ ቀን እንኳ አይደውልም።»

«አፍሮ ነው።»

«ይፈር። አቃጥሉት ብሎ ያዘዘኝ ሰው ይፈር።»

«አቃጠሏቸው እንዴ?»

«የሰው አደራ ይዤ ባለቤቱ በተናደደ ቁጥር ባቃጥል፣ ማን እህሉን ይሰጠኝ ነበር?»

ባለቤታቸው ዘይነባ የገብስ ዱቄት ጭኮ ይዘው መጡ። ገና ሳያስቀምጡት ቆም አሉ። «ውይ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። ቅቤ አለበት» ብለው መለሱት፤ የገብስ ቆሎና ሻይ አመጡልኝ። የሰው ጾም የሚያስታውስ ቤት እግዚአብሔር ይባርከው።

ሐጂ በላስቲክ የተጠቀለለ እሽግ ከመደርደሪያ አወረዱ። «እርስዎን ያማበት ቦታም አለ፤ ባያነቡት ይሻላል» አሉኝ።

ልጄ በየደብዳቤው ላይ ቁጥር ይጽፋል። ቁጥሩን ብቻ አየሁ። አሥራ አንድ ናቸው። የመጽሐፉ መጨረሻ ያለበት አሥራ ሁለተኛው የለም።

«እሱን ለናሙና ወስጄው ነው» አሉ ሐጂ። «አምና ለአሳታሚው ሰጠሁት። ከላይ ያለውንማ ማንም ያሳምረዋል። እኔ የማሳየው ከጆንያው ታች ነው።»

«ሐጂ፣ የልብ ወለድ መጨረሻ አስቀድሞ ይነገራል?»

«እኔም ብዬው ነበር» አሉ ዘይነባ እየሳቁ።

ሐጂም ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «አሳታሚው ዝም አለኝ። አልወደደውም ብዬ፣ ለታመመ ልጅ ይህን አልነግርም ብዬ ተውኩት።»

«አሁን ይደውሉለት» አልኳቸው።

ደወሉ፤ እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረጉት። ሰውየው ብዙ አላናገረንም።

«ሐጂ፣ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ሁሉንም አቃጥሉት ይላል እኮ። ሌላው ተቃጥሏል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እኔ መጨረሻውን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ካለ ያምጡልኝ፤ አሳትመዋለሁ።»

ሐጂ ስልኩን ዘግተው ራሳቸውን ያዙ። «ገብስ ጀርባ የለውም። ጀርባውን እንደሚያነብ በምን ልወቅ?»

ዘይነባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁባቸው፤ እኔም አልቀረሁም።

ስምንት ሰዓት፣ አሰላ

ደብዳቤዎቹን በነጠላዬ ቋጥሬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለስኩ። አልፈታኋቸውም።

ልጄ በሩን ስከፍት ቀና አለ። «እሺ፣ እማዬ?»

«አሥራ አንዱ ይኸው። አሥራ ሁለተኛው አዲስ አበባ አሳታሚው ዘንድ ነው። እነዚህን እየጠበቀ ነው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትቼው ወጣሁ። ጥቂት ቆይቼ ከጓዳ ሆኜ ስሰማ፣ ስልክ ይዞ «ሐጂ፣ ይቅርታ» እያለ ነበር።

በጦርነቱ ወራት ልጄን በሕይወት መልስልኝ ብዬ ለመንኩ። ስለ መጽሐፉ አንድ ቀን አልጸለይኩም፤ ለእኔ ወረቀት ነበር። ለልጄ ግን ወረቀት ብቻ አልነበረም። እግዚአብሔር የለመንኩትን ሰጠኝ፤ ያልለመንኩትንም በአንድ ደላላ እጅ አስጠበቀልኝ።