የጋሽ ይሁኔ ካሴቶችና ሳልጠይቅ ያጠፋኋት ቁጥር

አላመንሁም። ጧት ልጃቸው ትዕግሥት ደውላ «አባዬ አረፈ» ስትለኝ፣ ጋደም ያሉ መስሎኝ «እሺ፣ አትቀስቅሷቸው፣ ከሰዓት እመጣለሁ» አልኋት። ለቅሶዋን ለቀቀችው። ያኔ ገባኝ።

ብዙዎቻችሁ ጋሽ ይሁኔን አታውቋቸውም። እዚህ ባሕር ዳር፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጧት ጧት ሐይቁ ዳር በእግራቸው የሚዞሩ ሰው ነበሩ። አባታቸው ዘጌ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ መሪጌታ ናቸው።

ወጣት ሳሉ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ከፋብሪካው ሲሰናበት ትንሽ የቤት ኮምፒውተር ትቶላቸው ሄደ። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ የተጻፈበትን ሁሉ በቴፕ ካሴት ላይ በድምፅ የሚያስቀምጥ ዓይነት። የእኛ ፊደል የለውም። ጋሽ ይሁኔ ፊደሉን ነጥብ በነጥብ ራሳቸው ሠሩለትና አባታቸው በቃላቸው የሚያወርዱትን ቅኔ እየሰሙ ጻፉበት።

መሪጌታው ካረፉ ቆይተዋል። ቅኔው በወረቀት የለም። ያለው እነዚያ ካሴቶች ላይ ብቻ ነው።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ፕሮግራም እየጻፍሁ ነው የምኖረው። ባለፈው ክረምት ጠሩኝና «ይህን ነገር በዛሬ ስልክ እንዲነበብ አድርጎ የሚያዞር ፕሮግራም ትሠራልኛለህ?» አሉኝ።

«የሁለት ሳምንት ሥራ ነው» አልኋቸው። ምነው አፌን በቆረጠው።

መጀመሪያ የካሴት ማጫወቻውን የሚያዞረው ላስቲክ ቀልጦ ተገኘ። ከተማውን ዞሬ ምትኩን አጣሁ፤ መራዊ ድረስ ሄጄ አሮጌ ሬዲዮ ከሚጠግኑ ሰው ነው ያገኘሁት። ካሴቶቹን የሐይቁ እርጥበት አሻግቷቸዋል። በጥጥ እየጠረግሁ፣ ድምፁን አንድ በአንድ ወደ ላፕቶፔ ቀዳሁ። አንዱን ስከፍተው የሠርግ ዘፈን ወጣ። ትዕግሥት በልጅነቷ ቀድታበታለች። ከሥሩ ስንት ቅኔ እንደጠፋ አላውቅም፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ድምፁን ወደ ቁጥር መለስሁት። ለአንድ ፊደል ሁለት ሁለት ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው የፊደሉ ተራ፣ ሁለተኛው ግዕዝ ይሁን ካዕብ ይሁን ሣልስ የሚለይ። ይህን ነግረውኛል። ቀላል መሰለኝ። ከሀ ለ ሐ መ ጀምሬ ቆጥሬ ፕሮግራሙን ጻፍሁ።

የወጣው ነገር አማርኛም አይደለም፣ ግዕዝም አይደለም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስህተቱን ከራሴ ኮድ ውስጥ ስፈልግ ከረምሁ። መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣ እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። በመጨረሻ ብግን ብዬ ላፕቶፑን ይዤ ቤታቸው ገባሁ። መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«በሀ ለ ሐ ነው እንዴ የቆጠርኸው? እኔ በአ በ ገ ደ ነው። አባቴ እንደዚያ ነው ያስተማሩኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?»

«ጠይቀኸኛል?»

ሰፈራችን ውስጥ ይህችን ቃል ያልሰማ የለም። እሳቸው የዘረጉለትን ሶኬት የኤሌክትሪክ ምድጃው አቃጥሎበት «እንደማይችለው ለምን አልነገሩኝም?» እያለ የመጣ ሁሉ መልሱ ያችው ነበረች። ጠይቀኸኛል? የጠየቃቸውን ግን እስኪገባው ድረስ ቁጭ ብለው ያስረዱታል። እኔ ደግሞ መጠየቅ አልወድም። ጣጣው ይኸው ነው።

ተራው ሲስተካከል ቅኔው መነበብ ጀመረ። አልፎ አልፎ ብቻ በፊደሎቹ መካከል መቶ የምትል ቁጥር ትገባለች። የካሴቱ ብልሽት ናት ብዬ ፕሮግራሙ እንዲያጠፋት አደረግሁ። አሁንም አልጠየቅሁም።

ባለፈው ሐሙስ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ አትሜ ወሰድሁላቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ጥቂት እንዳነበቡ አውራ ጣታቸውን «ንጉስ» የሚለው ላይ አሳረፉ።

«ንጉሡ ሠ የት ሄደ?»

«ድምፁ ያው ነው ብዬ ነው፣ ጋሼ። ካሴቱ ላይም ቁጥሩ አንድ ነው።»

«ከፊቱ መቶ የለም?»

«ነበረ። አጠፋሁት።»

ያን ጊዜ ተቆጡ። ለካ ኮምፒውተሩ ቦታ ስላነሰው፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች በአንድ ቁጥር አድርገው፣ መቶ ሲቀድም ወንድምየው ማለት ነው ብለው ነበር የጻፉት። «አባቴ እኮ በአንዲት ፊደል ሰሙን ከወርቁ የሚለዩ ሰው ነበሩ» አሉኝ። «አንተ ወርቁን ጠርገህ ደፋኸው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቤቴ ገብቼ አስተካከልሁት። የድምፁ ቅጂ በእጄ ስለነበር ንጉሡ ሠ ተመለሰ። ግን በአንዳንዱ ቅኔ መጨረሻ ላይ፣ ምንም ፊደል ሳይከተላት፣ መቶ ብቻዋን ቆማ አገኘኋት። አባታቸው ሳይጨርሱት የቀረ ይሆን? እሳቸው ያልሰሙት ይሆን? ምልክቱ ምን እንደሆነ አላውቅም።

እሑድ እጠይቃቸዋለሁ አልሁ። እሑድ ሥራ መጣብኝ። በቃ ሰኞ ከሰዓት አልሁ።

ዛሬ ሰኞ ነው።

ትዕግሥትን ጠየቅኋት፤ አታውቅም። ዘጌ ያሉትን የአባታቸውን ደቀ መዝሙር ደውዬ ጠየቅሁ፤ «ልጄ፣ የካሴት ነገር እኔ ምኑን አውቄ» አሉኝ። የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ከቤቴ አምስተኛው በር ላይ ነበር የሚኖረው። በማን እንደምናደድ ጠፍቶኛል።

ጋሼ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንሸኝዎታለን። ትዕግሥት ከአባትዎ ቅኔ አንዱን አትምልኝ ብላኝ፣ መጨረሻው ላይ መቶ የቆመችበትን መረጠች። ሳታውቅ ነው። የዘጌው የአባትዎ ደቀ መዝሙር መቃብርዎ ላይ ይሉታል። ቁጥሯን አላጠፋኋትም። ባዶ ቦታ ትቼላታለሁ፤ እሳቸውም እዚያች ላይ ሲደርሱ ጥቂት ዝም እንዲሉ ለምኛቸው እሺ ብለውኛል።

ደህና ይግቡ፣ ጋሼ።