ሁለት ሽቦ የጎደለው ኬብል

ቂም አልይዝም የሚል ሰው ካለ መርካቶ ዱባይ ተራ ሱቅ ከፍቶ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ይዣለሁ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ፊት ለፊቴ ያለውን ጎረቤቴን ነው። እሱም እኔን ያያል፣ ከዚያ ከበሬ በላይ የተንጠለጠለውን ኬብል ያያል፣ ከዚያ አንገቱን ይደፋል። ደስ ይለኛል፤ ምን አስዋሸኝ።

ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ነው የምሸጠው። ሁሉም ላይ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ሊኑክስ ጭኜ ነው የማስረክበው፤ ነፃ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ አይከብድም፣ ቫይረስም በቀላሉ አይደፍረውም። ጎረቤቴ ደግሞ ቻርጀርና ኬብል ይሸጣል፣ በጎን ኮፒ ዊንዶውስ ይጭናል፣ ቫይረስ ያጸዳል። እኔ ከመምጣቴ በፊት ያለንበት ፎቅ በሙሉ እሱ ጋ ነበር የሚሰለፈው። ደንበኞቹ ወደ እኔ መሻገር ሲጀምሩ ሰላምታው ቀዘቀዘ። «የሷ ኮምፒውተር ዩኤስቢ አያውቅም፣ ፍላሽ እንኳ አያነብም» እያለ እንደሚያወራ ሰማሁ። አልተጣላሁትም። ግን ሆዴ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ታዲያ ሶማሌ ተራ ሳሙናና ሽቶ በጅምላ የሚያከፋፍሉ አንድ ሀጂ መጡ። እሳቸው የወደዱትን ዕቃ ተራው በሙሉ ይወደዋል፤ የጠሉትንም እንደዚያው። አንድ ኮምፒውተር መረጡና «የባርኮድ ማንበቢያዬ በዚህ ከሠራልኝ ለወንድሞቼ ሱቆችም ካንቺው ነው የምወስደው» አሉኝ። ይህ ለእኔ ሱቄን የማቆየት ወይም የመዝጋት ጉዳይ ነበር። ማንበቢያው በእጃቸው አለ፣ ኬብሉ ግን ጠፍቷል። እኔ ጋ ደግሞ ለሱ የሚሆን አልነበረም።

መርካቶ ውስጥ «የለኝም» ብሎ ደንበኛ መመለስ ነውር ነው። «ቁጭ ይበሉ» ይባላል፣ ከጎረቤት ይመጣል፣ ይሸጣል። ነገ ደግሞ ጎረቤት ካንቺ ያመጣል። ከጎረቤት የመጣ ዕቃ ደንበኛ ፊት አይፈተሽም፤ መፈተሽ ጎረቤትን ሌባ ማለት ነው። ሐሜቱን ባውቅም ይህን ወግ አልጣስኩም። ተሻግሬ ጠየቅኩት።

«ለማን ነው?» አለ።

ነገርኩት። ሱቁ ውስጥ ከተሰቀሉት ኬብሎች አላወረደም። ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር ካለ ካርቶን አንድ አወጣና በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ለሀጂ ስለሆነ ምርጡን ነው የሰጠሁሽ እህቴ» አለ። እኔም አመስግኜ ወሰድኩ። ማንበቢያው እንደ ኪቦርድ ሰክተው ብቻ የሚጠቀሙበት፣ ምንም የማይጫንለት ነገር ስለሆነ ኮምፒውተሩንና ኬብሉን አሽጌ ላክሁላቸው።

በማግስቱ ሀጂ ኮምፒውተሩን ለተሸካሚ አሸክመው፣ ማንበቢያውንና መሞከሪያ የሚሆን አንድ ሳሙና ይዘው ተመለሱ። ኮምፒውተሩንና ማንበቢያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይኼ ማንበቢያ ይበራል፣ ይጮኻል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አይጽፍም። ሠራተኞቼ ሳቁብኝ» አሉ። ኮሪደሩ ባንዴ በሰው ሞላ። ጎረቤቴ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ሀጂ፣ እኔ ስንቴ ተናገርኩ። ችግሩ ሊኑክሱ ነው። እኔ ጋ ያምጡት፣ ዊንዶውስ እጭንልዎታለሁ» አለ።

እጄ ግን ሥራውን ያውቃል። ሊኑክስ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ ዩኤስቢ ላይ አዲስ ነገር ሲሰካ፣ ምንነቱን ባያውቅ እንኳ፣ «አንድ ነገር መጣ» ብሎ አንድ መስመር ይጽፋል። ያንን የሚያሳየውን ጥቁር መስኮት ከፈትኩ። ማውስ ሰካሁ፣ ጻፈ። ፍላሽ ሰካሁ፣ ጻፈ። ማንበቢያውን እዚያው ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። ቀይ መብራቱ በራ፣ ጢጥ አለ፣ መስኮቱ ላይ ግን አንዲት ፊደል አልመጣችም። ቀዳዳ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ኤሌክትሪኩ ይሄዳል፣ መልእክቱ ግን አይደርስም። ያኔ ገባኝ። ለቻርጅ ብቻ የሚሆን ርካሽ ኬብል አለ፤ ዳታ የሚያሳልፉት ሁለቱ ሽቦዎች ውስጡ የሉም። ጎንበስ ያለውም፣ «ለማን ነው» ያለውም ትዝ አለኝ።

እዚያው ልጮኽበት እችል ነበር። ግን «እኔ ምን አውቄ፣ አስመጪው ሸውዶኝ ነው» ይልና ይገላገላል። እንዲገላገል አልፈለግኩም።

«እውነትህን ሳይሆን አይቀርም» አልኩት ድምፄን አለስልሼ። «እስቲ ባንተ ዊንዶውስ አሳየን። ኬብሉም ያንተው ነው።»

ፊቱ በራ። ማንበቢያውን ከነኬብሉ ሰጠሁትና ሁላችንም ተከተልነው። የራሱ ኮምፒውተር ጋ ሲደርስ ኬብሉን ነቀለ፣ ባንኮኒው ላይ ወርወር አደረገው፣ እጁን ዘርግቶ ከተሰቀሉት አንዱን አወረደና ሰካ። ሀጂ የያዙት ሳሙና ላይ ሲያነጣጥረው ማንበቢያው ጢጥ አለ፣ የሳሙናው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ተደረደረ። «አዩ ሀጂ?» አለ።

ሀጂ ስክሪኑን አላዩም። የሚያዩት የተወረወረውን ኬብል ነበር። «ለምን ቀየርከው?» አሉት።

«ያው... ይሄኛው ይሻላል ብዬ...»

«ሳትሞክረው ነው የቀየርከው። እንደማይሠራ በምን አወቅክ?»

«እናቴ ትሙት ሀጂ፣ እኔ...» አለ።

መቀሱን ከራሱ ባንኮኒ ላይ አንስቼ ኬብሉን ለሁለት ቆረጥኩት። ቀይና ጥቁር ሽቦ ብቻ። ነጩና አረንጓዴው የሉም። ለሀጂ አሳየሁ፣ ለተሸካሚው አሳየሁ፣ ከበው ለቆሙት ነጋዴዎች አሳየሁ። ምንም አልቸኮልኩም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሀጂ ቃላቸውን አክብረው ለወንድሞቻቸውም ከእኔ ወሰዱ። ለእኔ ግን ዋናው ሽያጩ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ፎቁ ላይ ዕቃ የጎደለው ነጋዴ የጎረቤቴን ሱቅ አልፎ ጥግ ላይ እስካለው ሱቅ ይሄዳል። ከሱ የሚያመጣ የለም፣ ለሱም የሚሰጥ የለም። ደንበኛ መጥቶበት ዕቃ ሲጎድለው «የለኝም» ሲል ከዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ። ይህን ቃል የሚደጋግም ሱቅ መጨረሻው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

የተቆረጠውን ኬብል ከበሬ በላይ ሰቀልኩት፤ ሁለቱ ሽቦዎች ወደ እሱ ዞረዋል። በቀደም ራሱ ተሻግሮ መጣ። ከስቷል።

«እህቴ፣ ጎረቤት ነን። በቃሽ፣ አውርጂው» አለኝ።

በአጠገባችን ያሉት ነጋዴዎች ሥራቸውን ትተው አፌን ይጠብቃሉ። እሺ እንድል የፈለጉ ይመስለኛል።

«አወርደዋለሁ» አልኩት። «የጎደሉትን ሁለት ሽቦዎች ይዘህልኝ ስትመጣ።»

ተመልሶ ሄደና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኬብሉ አሁንም እዚያው ነው።