ጫማውን ሳያወልቅ የሚገባው ሐሳብ

ሥራ የጀመርሁ ቀን አያ መኳንንት መጀመሪያ ያሳዩኝ ጫማ ሳይሆን በር ነው። «በዚህ ይገባሉ፣ በዚያ ይወጣሉ» አሉኝ። «ጫማቸውን ይዘሽ፣ ዙረሽ ቀድመሽ ካልተገኘሽ እንግዳው በባዶ እግሩ ቆሞ ሲጣራ ይውላል። ስምሽን ደግሞ አያውቀውም።»

አያ መኳንንት ላሊበላ ውስጥ በአብያተ ክርስቲያናቱ ደጃፍ ጫማ ከምንጠብቅ ሰዎች አንጋፋው ናቸው። የኛን ቡድን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ማን የትኛው በር ላይ እንደሚቆም ይመድባሉ፣ የተሳሳተውንም ይቆጣሉ።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። እንግዳው ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲውን ውስጡ ትከቻለሽ፣ ሁለቱን በማሰሪያቸው ታያይዣለሽ፣ የጫማው አፍንጫ ወደ ውጭ እንዲያይ አድርገሽ ትደረድሪያለሽ፤ ሲወጣ ሳይዞር እግሩን እንዲያስገባ ነው። ዝናብ ከመጣ ጫማውን ደፍተሽ ከድንጋዩ ጥግ ታስጠጊያለሽ። የገበሬው የላስቲክ ጫማ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ለየቤተሰቡ የተለያየ ቀለም ክር ታስሪያለሽ።

የመጨረሻው ሥራ እጅ መስጠት ነው። መውረጃው ገደላማ፣ ድንጋዩም በሰው እግር ብዛት የለሰለሰ ስለሆነ አዛውንት ሲመጣ እጁን ይዘሽ ታወርጃለሽ። «ጫማ ከጠፋ ይፈለጋል» አሉኝ አያ። «ሰው ከወደቀ ግን ምን ብለን እንፈልጋለን?»

እኔ የሙጃ ልጅ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ላሊበላ አክስቴ ዘንድ መጣሁ። ሰው ፊት ቀና ብዬ መናገር አይሆንልኝም። ሥራው የተስማማኝም ለዚህ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሚታየው እግር ነው፣ እግር ደግሞ መልስ አይጠይቅም። አብራኝ የምትሠራው ሙሉ ስትቀልድብኝ «ታንጉት ባሏንም በጫማው ነው የምትመርጠው» ትል ነበር። እኔ አጎንብሼ እስቃለሁ። ደህና ዘመን ነበር።

ሐሳቡ መጀመሪያ የመጣብኝ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ ነው። ቦታውን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከአለቱ ወደ ታች ተፈልፍሎ ጉድጓድ ውስጥ ነው የቆመው። ጣሪያው የሚታየው ከላይ ከጠርዙ ቆመሽ ነው፤ አጥር የለውም። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ፎቶ ልታነሳ ወደ ጠርዙ ተጠጋች። ጠዋት ደጋግማ ስሜን ጠይቃኝ፣ «ታንጉት» ማለት አቅቷት አብረን የሳቅን ደግ ሴት ናት። ከኋላዋ ቆሜ ሳለሁ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ፦ «ግፊያት።»

ድምፅ አልነበረም። ጆሮዬ የሰማው ነገር የለም። የራሴው ሐሳብ ነው፤ ግን እኔ አላሰብሁትም። ወደ ኋላ ስሸሽ ከአስጎብኚው ጋር ተጋጨሁ። ሴትዮዋ ፎቶዋን አንስታ፣ ፈገግ ብላ መጣች። ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልወረደልኝም።

በማግሥቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያማ ማን ይከልክለው። ደብተራ ሲያልፍ «ግፊው»፣ ተማሪ ሲያልፍ «ግፊው»፣ አንድ ቀን አያ መኳንንት ራሳቸው ቆመው ሲመክሩኝ «ግፊያቸው»። አክብሮቱን እንኳ አልረሳም! ሁላችንም ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፤ እሱ ግን ጫማውን ሳያወልቅ፣ ሳይጠራ፣ እግሩን ሳይጠርግ ጭንቅላቴ ውስጥ ይገባል። ከላስታ ሰው ሁሉ እኔን ለምን እንደመረጠ ዛሬም አላውቅም።

መላ ያልሁትን ሁሉ ሞከርሁ። መጀመሪያ እጄን በሥራ መሙላት ጀመርሁ። ሁለት እጄ ጫማ ከያዘ ማንን እገፋለሁ? ስለዚህ የሌላውንም ጫማ እየለመንሁ እሸከም ጀመር። ሰው ትጉህ መሰልሁት። አዛውንት እጁን ሲዘረጋልኝ «ጫማ ይዣለሁ አባቴ» እላለሁ፤ ሙሉ ከሥራዋ ተነሥታ ታወርደዋለች።

ቀጥሎ፣ ሐሳቡ በመጣ ቁጥር አቡነ ዘበሰማያት እደግም ጀመር። መሐል ላይ ሐሳቡ ከተመለሰ «ረክሷል» ብዬ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እሱ ደግሞ መሐል ላይ መመለስ ነው ሥራው። አንድ ቀን እንዲህ ስጀምርና ሳቋርጥ የሁለት ቡድን ጫማ አቀያይሬ ወስጄ፣ አንድ እንደ ባሕር ዛፍ የረዘመ ሰውዬ ከቤተ ማርያም ሲወጣ ያገኘው የትንሽ ሴት ነጠላ ጫማ ሆነ። አስጎብኚው ጫማውን አንጠልጥሎ መጣና «እስቲ ንገሪኝ፣ ይህን ጫማ ሰውዬው የት ያግባው? ጆሮው ላይ?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ከሙሉ ጋር የተኳረፍነውም በዚሁ ነው። ልጇን አዝላ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ከጠርዙ አጠገብ ቆመን «ያዥልኝ፣ ጫማ ላውርድ» ስትለኝ «እጄ ቆሻሻ ነው» አልኋት።

«ምን ሁነሽ ነው? ልጄ ከፈረንጅ ጫማ ይብሳል? እሱን ታቅፈሽው ትውያለሽ!»

ምን ልበላት? «ልጅሽን እንዳልወረውር ፈርቼ ነው» ይባላል? ጫማ ታቅፌ ሄድሁ። ከዚያ በኋላ ሰላምታዋ አጠረ።

አክስቴ ፊቴን አይታ ዓይን በልቷታል አለች። ጠበል ወሰደችኝ፤ ተጠመቅሁ፣ ጠጣሁ፤ ለጥቂት ቀን ቀለለኝ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ስቆም እንደ ድሮው ሆነ። ይህን የምናገረው ጠበሉን ለማማት አይደለም። የሆነውን ነው የምናገረው።

በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ነጠላዬን ነክሼ ጨረስሁት። ስግደት አዘዙኝ፣ ሰገድሁ። ሐሳቡ ሲመለስ እኔም ወደሳቸው ተመለስሁ። ደግመው አዘዙኝ። ደግሜ ተመለስሁ። ኋላማ ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸውን በመስቀላቸው ይጋርዱ ጀመር። አንድ ቀን ከዛፍ ሥር አስቀምጠውኝ፣

«ልጄ፣ ሰው ገፍተሻል?» አሉኝ።

«የለም አባቴ።»

«መግፋት ትፈልጊያለሽ?»

«ኧረ በመድኃኔዓለም! ሞቴን ያርገው።»

«እንግዲያ ምኑን ልፍታልሽ? ያልሠራሽውን፣ ያልፈለግሽውን ኃጢአት ተሸክመሽ እየመጣሽ እኔንም አደከምሽኝ። ስግደቱን ተይው። ጤና ጣቢያ ሂጂ።»

«ጤና ጣቢያ የሐሳብ መድኃኒት አለ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሂጂና ጠይቂያ!»

ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ሲስተር ወጣት ናት፤ የእኔ እኩያ ብትሆን ነው። ስነግራት አልደነገጠችም። እኔ አለቀስሁ፣ እሷ ካርዴ ላይ እየጻፈች ጠበቀችኝ።

«እኔም መርፌ ስይዝ ‹ዓይኑን ብወጋውስ› የሚል ይመጣብኛል» አለች። «ብዙ ሰው ላይ ይመጣል። ብዙው ሰው ንቆት ያልፋል። አንቺ ግን አስቀምጠሽ ተሟገትሽው። የሚያስፈራሽ ስለማትፈልጊው ነው፤ የሚመላለሰውም ስለምትሸሺው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሲመጣ ‹መጣ› በዪ። ከዚያ እጅሽ የጀመረውን ሥራ ቀጥዪ። አትከራከሪው፣ አትለማመጪው፣ ከጠርዙም አትሽሺ። ጸሎትሽን በጸሎት ሰዓት ጸልዪ እንጂ እሱን ለማባረር አትደጋግሚው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታደርጊው ፍርሃቱ ይብሳል፤ ከዚያ ይበርዳል። እንቅልፍና ሥራ ከከለከለሽ ግን ተመለሺ፤ ሆስፒታል እጽፍልሻለሁ፣ ሕክምና አለው።»

እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነው የወጣሁት። ክኒን እንኳ አልሰጠችኝም። ያን ሁሉ ስቃይ «መጣ» በዪው ብላ ሸኘችኝ።

የዚያን ሰሞን አያ መኳንንት ጠሩኝ። ገና ደርሶ ነበር። ለገና ምእመኑ ከየአገሩ በእግሩ ይመጣል፤ አለቱ በነጭ ልብስ ይሸፈናል፤ አብዛኛው ሽማግሌና አሮጊት ነው።

«ታንጉት፣ የቤተ ጊዮርጊስን መውረጃ ላንቺ ሰጥቻለሁ» አሉኝ። «ጫማ የሚሸከም ሞልቶኛል። እጅ የሚሰጥ ነው የምፈልግ። አንቺ ደግሞ እጅሽን ደብቀሻል፤ አያለሁ፣ ዕውር አይደለሁም። ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም። ግን የማትሰጪ ከሆነ ሌላ ሰው አስገባለሁ፤ ከገና በኋላም እሱው ይቀጥላል።»

«እሺ አያ» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ከዚህ ሥራ ከወጣሁ የምሄድበት ሙጃ ነው፤ ሙጃ ደግሞ «ምን ሁና ተመለሰች?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አፍ አለ።

በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አንዲት እማሆይ መጡ። ከየት እንደመጡ አልጠየቅሁም፤ እግራቸው ግን ተሰነጣጥቆ የመንገዱን ርቀት ይናገራል። ዓይናቸው ደክሟል። ወደ መውረጃው የሚወስደው መንገድ በጠርዙ አጠገብ ያልፋል። እኔ እንደ ልማዴ ሁለት እጄን በጫማ ሞልቼ ቆሜአለሁ።

«እጅሽን አምጪ፣ ልጄ» አሉ።

ጫማ ይዣለሁ ልል አፌን ከፈትሁ። ማዶ አያ መኳንንት ቆመዋል። ሙሉም ልጇን አዝላ ቆማለች፤ እንደ ሁልጊዜው መጥታ ልታወርዳቸው አንድ እግሯን አንሥታለች። ጫማውን መሬት አስቀመጥሁና እጃቸውን ያዝሁ። የወፍ ክንፍ ያህል ነው የሚከብደው። ወዲያው ያ ነገር መጣ፤ እንደዚያ ጮሆ መጥቶብኝ አያውቅም።

«መጣ» አልሁ። በልቤ ማለቴ ነበር፤ ከአፌ ወጣ።

እማሆይ ቆሙ። «ማነው የመጣ?»

«ማንም አይደል እማሆይ… አንድ እንግዳ ነው።»

«እንግዲያ ይጠብቀና! እኔ ቀስ ብዬ ነው የምወርድ።»

ሳቄ መጣ። ያን ሁሉ ጊዜ ያንን ነገር ተሸብሬ ስለማመጠው፣ እማሆይ ሳያውቁት ተራ አስያዙት። አንድ እግር፣ ቀጥሎ ሌላ እግር እያልን ወረድን። ሐሳቡም አብሮን ወረደ። እየጮኸ ወረደ፤ እኔ ግን ዓይኔ ድንጋዩ ላይ፣ እጄ እጃቸው ላይ ነበር። ታች ስንደርስ መረቁኝ፣ ገቡ። ላቤን ጠርጌ ወደ ላይ ወጣሁ፣ ሌላ እጅ ያዝሁ። እስኪመሽ «መጣ»ን ስንት ጊዜ እንዳልሁ አላውቅም። አመሻሹ ላይ መቆጠብ ጀመርሁ፤ አፌ ደክሞት።

በበዓሉ ማግሥት ሙሉ ከጠርዙ አጠገብ ተቀምጣ ጫማ ስታስር፣ ሄጄ «ልጅሽን ስጪኝ» አልኋት።

«እጅሽ ቆሻሻ አይደለም?»

«ነው። ስጪኝ።»

ሰጠችኝ። ሐሳቡ መጣ። ልጁ ነጠላዬ ላይ አስመለሰ። ነጠላዬን ልጥረግ ወይስ ልጁን? ልጁን ጠረግሁ።

አሁንም እዚያው በር ላይ ነኝ። አያ መኳንንት አዲስ የሚገቡትን ሴቶች እንዳለማምድ እኔን መድበውኛል፤ ለእነሱ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር ከሐሳቡ ይልቅ ይከብደኛል። ሐሳቡ አልቀረም፤ ወር ጠፍቶ ይመጣል፣ ሲደክመኝ ይበዛል፤ ያናድደኛል እንጂ አያባርረኝም። ለአዲሶቹ የጫማውን አፍንጫ ወደ ውጭ እንዲያዞሩ አሳያለሁ፣ ክር አስተሳሰር አሳያለሁ። ከዚያ ይህን እነግራቸዋለሁ፦ ጠርዙ ላይ ስትቆሙ ክፉ ሐሳብ ቢመጣባችሁ ሰው ሆናችሁ ነው፤ እጃችሁን አትሰብስቡ፤ የያዛችሁትን አዛውንት አውርዱ።