የውባለም ስንዝር

ከጎንደር የወጣን ዕለት ማታ ታናሽ እህቴ ውባለም አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ሲላቀስ እሷ ጥግ ይዛ የቀሚሴን ጥልፍ ትጨርስ ነበር። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «እንቺ እትዬ፣ እዚያ ስትደርሺ ልበሽው» አለችኝ። ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናታችን ከሞተች ወዲህ እናቷም እህቷም እኔው ነበርኩ፤ መርፌ ያስያዝኳትም እኔ ነኝ። እስራኤል እንድገባ የተፈቀደልኝ ግን በባሌ በኩል ስለሆነ፣ የእሷ ስም ወረቀታችን ላይ አልነበረም። አክስታችን ዘንድ ትቻት ስወጣ «ዓመት ሳይሞላ አስመጣሻለሁ» ብዬ ማልኩላት። ማይልኝ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ዝም ብዬ ነው የማልኩት።

የገባንባትን ከተማ፣ ፔታ ቲክቫን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። ቲማቲሙ ይህን ያህላል፣ ጣዕሙን ግን ፈልጌ አጣሁት። ዝናቡ የሚመጣው እኛ አገር እህል በሚታጨድበት ወራት ነው። ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኝሽ ሻሎም ይልሻል፤ እንዴት አደርሽ፣ ልጅሽ ደህና ናት፣ እግርሽን ተሻለሽ ብሎ ነገር የለም፤ አንቺ አፍሽን ስትከፍቺ እሱ በሩን ዘግቷል። ባሌ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ገባ፣ እኔ ኪርያት አርዬ በሚባለው ሰፈር የኮምፒውተር ሰዎች ቢሮ ኒካዮን ጀመርኩ፣ ጽዳት ማለት ነው። ጎንደር እያለሁ በጥልፌ ሰው የሚያውቀኝ ሴት ነበርኩ፤ እዚህ በመወልወያዬ እንኳ የማያውቀኝ ሰው ብዙ ነው።

ቤት እንደተከራየን ባለቤቱ ሊያየን መጣና አልጋ መቁጠር ጀመረ።

«ልጅሽ አንድ ናት። ሁለተኛው አልጋ የማን ነው?»

«የእህቴ።»

«የታለች?»

«ጎንደር።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«መንግሥት ሲፈቅድ።»

ሰውዬው አልጋውን አየ፣ እኔን አየ። «እንግዲያው ሽጪው» አለኝ፣ «እሷ እስክትመጣ ያረጃል።»

ይህን ለውባለም በስልክ ስነግራት እስኪያማት ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያለቀስኩት።

የእኔና የውባለም የጥልፍ ሥራ የተጀመረው በስግድ፣ በቤተ እስራኤሎች በዓል ነው። ውባለም የጠለፈችልኝን ቀሚስ ለብሼ ልጄ ኦሪት ፎቶ አነሳችኝና ኢንስታግራም ላይ ለጠፈችው። ማታውኑ «ኢማ፣ ሴቶች ከየት ነው እያሉኝ ነው፣ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። «ዶዳ ውባለም ናት የሠራችው በያቸው» አልኳት፣ ኢማ እናት፣ ዶዳ አክስት ነው። ለውባለም ደህና ስልክ ገዝቼ በመንገደኛ ላክሁላት። እውነቱን ለመናገር ስለ ንግድ ያሰብኩት ትንሽ ነው፤ የላክሁላት ድምፅዋ እንዳይርቀኝ ነው። ሁለታችንም መጻፍ ላይ ደካሞች ስለሆንን በዋትሳፕ ድምፅ እንላላክ ነበር።

የመጀመሪያዋ ደንበኛችን ልጇን የምትድር ወይዘሮ ናት። እኛ ቤት ሜትር ገብቶ አያውቅም፤ እናታችን የምትለካው በስንዝር ነበር፣ እኛም ከእሷ የወረስነው እሱን ነው። ወይዘሮዋን ሳሎን አቁሜ በስንዝሬ ለካኋት። ከዚያ የውባለም እጅ ትንሽ ነው ብዬ በየልኩ ላይ ጨማምሬ ላክሁላት። ቀሚሱ ሲደርስ ወይዘሮዋ ውስጡ ጠፋች። ኦሪት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ምን ሆነን ነው ብለን በቪዲዮ ተገናኘንና ውባለም መዳፏን ስክሪኑ ላይ ዘረጋችው። የትልቅ ሴት እጅ ነው፣ ጣቶቿ ከእኔ ይረዝማሉ። እኔ ያሰብኩት ትቻት የመጣሁትን የልጅቷን እጅ ነበር። በሚቀጥለው መንገደኛ በስንዝሯ ልክ የተቆረጠ ቀይ ክር ላከችልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው የምለካው በዚያ ክር ነው።

በመካከሉ ስለ እሷ መግቢያ ፈቃድ የመንግሥት ቢሮ መመላለሴን አላቆምኩም። አንድ ቀን አንዲት ጸሐፊ «ከእህትሽ ጋር በቅርብ እንደምትገናኙ ማስረጃ አለሽ?» አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ የድምፅ መልእክቶቹን አሳየኋት፤ በጣቷ ብትገፋ ብትገፋ አያልቁም።

«ስለ ምንድን ነው የምታወሩት?»

«ስለ ክር፣ ስለ ወገብ፣ ስለ እጅጌ።»

«ይሄ ንግድ ነው። ዝምድናው የታለ?»

«መጀመሪያ ረጅም ሰላምታ አለ፤ ዝምድናው እሱ ነው።»

አልሳቀችም። «ሳቭላኑት» አለችኝ። ታገሺ ማለት ነው፤ እኔ ከዕብራይስጥ ቀድሜ የለመድኩት ቃል ነው።

እኔ ስታገስ ውባለም አልቆመችም። ኦሪት እንዴት ቪዲዮ እንደሚሠራ በስልክ አስተማረቻት። ፊቷን አታሳይም፣ እጆቿ ሲጠልፉ ብቻ ይታያሉ፣ ድምፅዋ ደግሞ ከላይ ይተርካል። ከአዲስ አበባ፣ ከካናዳ፣ ከጣሊያን ሰው ቀሚስ ያዝዛት ጀመር። አንድ ክፍል ተከራይታ ሴቶች ሰበሰበች፤ አንዷ ባሏ የሞተባት፣ አንዷ ከገጠር ሸሽታ የመጣች ናት። ኢንተርኔት ሲጠፋ ወረፋ የያዘውን ይሠራሉ፣ ሲመጣ ይልካሉ። ድሮ «እትዬ፣ ምን ቀለም ላድርግበት?» ትለኝ ነበር፤ ኋላ ኋላ «እትዬ፣ ይሄ ቀለም አሁን አይሄድም» ትለኛለች። የፔታ ቲክቫ ሴቶችም ቀጥታ ለእሷ ይደውላሉ። ደስ ብሎኛል፤ አልከፋኝም ብል ግን ውሸት ነው።

ባለፈው ክረምት ፈቃዱ መጣ። ኦሪት ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ከመሀል ከተማ ገበያ አዲስ አንሶላ ገዝቼ ከነመጠቅለያው አልጋው ላይ አስቀመጥኩና ደወልኩላት። እልል ትላለች ብዬ ነበር።

«እትዬ፣ ትንሽ ልቆይ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቀሽ?»

«እዚያ መጥቼ ምን ልሥራ?»

«እዚህም ትጠልፊያለሽ።»

«በጥልፍ የቤት ኪራይ ይከፈላል? አንቺስ መቼ ኒካዮን ተውሽ?»

ቃሉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ወገቤ እንዲህ ሆነ፣ አለቃዬ እንዲህ አለኝ እያልኩ በየማታው የነገርኳት እኔ ነኝ።

«ሴቶቹንስ የት ልበትናቸው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ኦሪት «ኢማ፣ ኮርተሽባት ነው መኖር ያለብሽ» ትለኛለች። እኮራባታለሁ። ግን ቢሮ ወለል ስወለውል ምናለ ያንን ስልክ ባልላክሁላት እላለሁ፤ ያን ጊዜ ምንም ስለማይኖራት ትመጣልኝ ነበር። ከዚያ ያሰብኩትን ሳስበው ራሴን እጠላለሁ። በማግሥቱም ያው ይመጣብኛል።

በዚህ ሳምንት ራሷ ደወለች። «ለስግድ ቀሚስ ልላክልሽ፣ ልክሽን ስጪኝ» አለች። ቀዩን ክር ከመሳቢያ አውጥቼ ደረቴ ላይ ስዘረጋ በቪዲዮ አየችኝ።

«በሜትር ይሁን እትዬ። እዚህ ብዙ ነን፣ የሁላችንም እጅ ይለያያል።»

«ክሩስ?»

«እሱን አስቀምጪው።»

ሜትር የለኝም፣ ነገ እገዛለሁ አልኳት። ከኋላዋ ሴቶቹ ሲሳሳቁ ይሰማኛል፤ አንዷ ስሟን ጠራቻት፣ ሥራ ነበራት። ልትዘጋ ስትል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ።»

«ወይ።»

«አልጋውን ግን እንዳትሸጪው።»

አንሶላው ከነመጠቅለያው አጠገቤ ነበር። «እሺ፣ በሰደር» አልኳት።